እነዚያ እንዳይሰሙ

እትዬ ስልኬ ቤት «አይጥ» የሚባል ቃል አይነሳም። አይጥ ስለሌለ እንዳይመስላችሁ። አለ፤ ሞልቷል። ግን እትዬ ስልኬ አይጥ ይሰማል ብለው ያምናሉ። መርዝ ሊገዛ መሆኑን ከሰማ ይጠነቀቃል፣ ከሰደቡት ደግሞ ቂም ይዞ የተሳዳቢውን ልብስ መርጦ ይቦጫጭቃል ይላሉ። እንዲህ የሚል ሌላም ሰው ታውቁ ይሆናል፤ ሌላው ግን ብሎት ያልፋል። እሳቸው ቤት ሕግ ነው። ስለዚህ «እነዚያ» ነው የሚባሉት፣ እሱም በሹክሹክታ፣ ፊትን ወደ መስኮት አዙሮ፣ ዝናብ ይመጣ ይሆን እንደሚል ሰው።

እንዲህ ያደረጋቸው ሥራቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ፤ ስሙም ከዚያ ወጣላቸው። ያኔ ስልክ ኪስ ውስጥ የሚያድር ነገር አልነበረም። ደዋዩ መጀመሪያ እሳቸውን ያገኛል፣ እሳቸው ገመዱን ከቀዳዳው ሰክተው ከሚፈልገው ሰው ጋር ያገናኙታል። ካገናኙ በኋላ ማዳመጫውን ማውረድ ነበረባቸው። ምን አለፋችሁ፣ አያወርዱም ነበር። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የቷ ሙሽራ ሐሳቧን እንደቀየረች ከባለጉዳዮቹ እኩል ያውቁ ነበር። ለሰው ትንፍሽ አላሉም፤ በዚህ ማንም አያማቸውም። ግን አንድ ነገር ከዚያ ወንበር ይዘው ተነሱ። ሰው ባወራ ቁጥር የሚያዳምጥ ሌላ አለ። አዳማጩ እሳቸው ራሳቸው ስለነበሩ ሊከራከራቸው የሚችል አልተገኘም።

ባላቸው ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው፤ ሰፈሩ ጋሽ ግንቡ ይላቸዋል። ዛሬ አንድ ነገር ብትጠይቋቸው መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት፣ ጥያቄውን እናንተ ከረሳችሁት በኋላ ታገኛላችሁ። ጎሚስታው ልጃቸው ቁርጥ አባቱን ነው፤ ጎማ ሲለጥፍ ውሎ ይመጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ ይቀመጣል፣ አለቀ። እንግዲህ በዚህ ቤት አፍ አውጥታ የምታወራ ምራቲቱ ብቻ ነበረች። ፀጉር ሠሪ ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ ይዛ ስታወራና ስትሰማ ትውልና ቤት ስትገባ ጸጥታው ይጮህባታል። ገና መዳህ የጀመረ ወንድ ልጅ አላት። ጋሽ ግንቡ «አለቃ» ይሉታል፣ ሁሉን የሚያዘው እሱ ስለሆነ።

መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። ወጥ ቤት ውስጥ ሳሙናው ጥግ ጥጉን ተበልቷል፣ ጥርስ ሁለት ሁለት መስመር አስምሮበታል። ቀጥላ መሳቢያ ስትከፍት የተቦጫጨቀ ሶፍትና የጨርቅ ብጥስጣሽ ተከምሮ አገኘች፤ አንድ ሰው ትራስ ሊሠራ ጀምሮ የተወው ይመስላል። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር፣ ቅባት የነካው ጥቁር መስመር ወለል ለወለል ሄዷል፤ እነዚያ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ስለሚመላለሱ ፀጉራቸው ያሳደፈው ነው። ሩዝ ሩዝ የሚያካክል ጥቁር ኩስም አለ። ማታ ማታ ኮርኒሱ ላይ ዕቃ የሚያጓጉዝ ያለ ይመስል ነበር።

«እማማ፣ ቤት ውስጥ አይጥ...»

እትዬ ስልኬ እጃቸውን አፏ ላይ ጫኑት። ሽንኩርት ሲልጡ ስለነበር ሁለቱም አለቀሱ።

«እነዚያ በይ» አሏት ቀስ ብለው።

«እሺ፣ እነዚያ። ልጁ መሬት ላይ ነው የሚውለው፣ ያገኘውን አፉ ነው የሚከተው። ካልጠፉ እናቴ ጋ ይዤው መሄዴ ነው።»

ልጁን ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ የሚያነሱት እትዬ ስልኬ ናቸው፤ ከሌላ ሰው እጅ ገንፎ አልቀምስም ብሎ አንገቱን የሚያዞረው በእሳቸው የተነሳ ነው። እንዳትሄጂ ሊሏት ፈለጉ። ግን እሱንም ጮክ ብሎ መናገር ደስ አይልም፤ ማን ያውቃል ማን እንደሚሰማ። «ይጠፋሉ» ብቻ አሉ፣ ወደ መስኮቱ።

ያን ቀን ማታ እራት ላይ ለሁሉም በዓይናቸው ነገሩ። ወደ ኮርኒሱ አዩ፣ ቅንድባቸውን ወደ ልጁ ጣሉ፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ባልና ልጅ ራሳቸውን ነቀነቁ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ነገሩ ይታወቃል፣ አንድ ነገር ይደረጋል፣ አይወራም። ጉዱ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም አንድ አንድ ነገር አደረገ፣ ማንም ለማንም አልተናገረም።

እትዬ ስልኬ መርዝ ገዙ። ሱቅ ገብተው መርዙን ለባለሱቁ በጣታቸው ጠቆሙት፣ ባለሱቁም የሰፈር ልጅ ስለሆነ ገባው። በዱቄትና በተፈጨ ለውዝ አድቦልቡለው ከሳሎኑ ቁም ሳጥን ጀርባ አስቀመጡት። ከዚያ ወዲያ ዞር ብለው አላዩትም። ማየትም እንደ መናገር ነው ብለው ነው።

ጎሚስታው ማጣበቂያ አመጣና ካርቶን ላይ ቀብቶ ሶፋ ሥር አስገባው። ጠዋት የተገኘው የአባቱ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ነበር፣ ከካርቶኑ ጋር አንድ ሆኖ። ጋሽ ግንቡ ጎንበስ ብለው አዩት፣ ሳቡት፣ አልላቀቅ አለ። የልጃቸውን ጫማ አድርገው ወጡ። ጎሚስታው ደግሞ ጫማው የት እንደገባ ሳይጠይቅ በሚስቱ ነጠላ ጫማ ሥራ ሄደ። እንግዲህ ፍረዱኝ፣ ይህን የሚያህል ጎማ ቤት ቀኑን ሙሉ ሲስቅበት ዋለ፤ እሱ ማታ ቤቱ ገብቶ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ጋሽ ግንቡ የግንበኛ ሥራቸውን ሠሩ። ቀዳዳ ፈለጉ። የቧንቧው መግቢያ፣ የበሩ ሥር፣ የወለሉ ጥግ፤ ያገኙትን ሁሉ በሽቦ መፈግፈጊያ ጠቅጥቀው በሲሚንቶ ደፈኑት። ሥራው የሚነቀፍ አይደለም፣ ማንም መጥቶ ቢያየው ያደንቃል። ችግሩ እነዚያ ውስጥ ነበሩ። መውጫ ሲያጡ ኮርኒሱ ላይ ያለው ጉዞ በእጥፍ ጨመረ።

ምራቲቱ ከደንበኞቿ ከአንዷ ድመት ለምና አመጣች። ግራጫ፣ ወፍራም፣ ሰው የማትፈራ ድመት። እትዬ ስልኬ ሳሎን ገብተው ድመቷ ቁም ሳጥኑን ስታሸትት ሲያዩ ክው አሉ። ያንን መርዝ የበላ አይጥ ብትይዝ ድመቷም ትከተላለች። በመጥረጊያ አባረው፣ በሩን ዘግተው፣ መስኮቱንም ዘጉ። ለምን እንደሆነ ግን አልተናገሩም፤ ቢናገሩ እነዚያ የመርዙን ነገር ይሰማሉ። ምራቲቱ ከበሩ ማዶ ድመቷን አቅፋ ቆማ ቀረች።

«ድመት እንደሚጠሉ አላወቅኩም ነበር» አለቻቸው በኋላ። ሆድ ይፍጀው ብለው ሽንኩርት መላጣቸውን ቀጠሉ። እሷም ድመቷን ለባለቤቷ መለሰች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷም ወሬ ቀነሰች።

እሑድ ከሰዓት ነው። ምራቲቱ ደጅ ልብስ ታሰጣለች፣ ጎሚስታው ይተኛል፣ ጋሽ ግንቡ ወጣ ብለዋል፣ እትዬ ስልኬ ምስር እየለቀሙ ልጁን ይጠብቃሉ። ምስሩ ላይ አቀርቅረው ቀና ሲሉ ልጁ ምንጣፉ ላይ የለም። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሁለት ትናንሽ ጫማዎች ወጥተዋል። እናቱ ባዶ ሳፋ ይዛ የገባችውም ያኔ ነው። እግሩን ይዛ ሳበችው። አለቃው ፊቱ ደስ ብሎት ወጣ። አፉ ዙሪያውን ነጭ ነበር፣ ጣቶቹም ነጭ፣ ምላሱም ነጭ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው? ማነው እዚህ ያስቀመጠው?»

እትዬ ስልኬ አመድ መሰሉ። ከዚያ ያደረጉት ነገር እስከ ዛሬ ሲያስቡት ፊታቸው ይቃጠላል። መጀመሪያ ወደ ኮርኒሱ አዩ። ኮርኒሱን ካዩ በኋላ ወደ ምራታቸው ተጠጉ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ከለሉ፣ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብለው «መርዝ ነው» አሉ። በሹክሹክታ።

ምራቲቱ አልጮኸችም። ልጁን አቅፋ፣ ባሏን በእግሯ ቀስቅሳ ወጣች።

ጤና ጣቢያው ወረፋ ነበረው፤ ነገሩ ሲታይ ግን ሰው መንገድ ለቀቀ። ሐኪሟ የልጁን አፍ እያየች «ምንድን ነው የበላው?» አለች። እትዬ ስልኬ ቀረብ ብለው ለጆሮዋ ሊነግሩ ሲሉ ራሷን ወደ ኋላ አደረገች።

«እናቴ፣ አልሰማሁዎትም። ጮክ ብለው ይንገሩኝ።»

እትዬ ስልኬ ግድግዳውን አዩ፣ አግዳሚው ላይ የተደረደረውን ሰው አዩ፣ ልጁን አዩ። «የአይጥ መርዝ» አሉ። ድምፃቸው ከርሞ የተከፈተ በር ዓይነት ነበር። «የአይጥ መርዝ ነው። ከዱቄት ጋር ለውሼ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጠዋሪዬ እሱ ነው፣ አድኑልኝ።» ያ ሁሉ ሰው ሰማ።

ሐኪሟ ስለ መርዙ ዓይነት እየጠየቀች ሳለ ጋሽ ግንቡ ገቡ። ከጎረቤት ሰምተው መምጣታቸው ነው፤ ሁለቱ እግራቸው ላይ ሁለት ዓይነት ጫማ አለ። ቆሙና የልጁን አፍ አዩት።

«ዱቄት ነው» አሉ።

ሁሉም ዞሮ አያቸው።

«መርዙን ባለፈው አገኘሁትና ሽንት ቤት ጨመርኩት። ቦታውን በሳሙና አጥቤዋለሁ። ከዚያ ዱቄት በተንኩበት፣ የእግራቸውን ዱካ አይቼ በየት እንደሚገቡ ለማወቅ። የበላው እሱን ነው።» በትዳራቸው ዘመን በአንድ ትንፋሽ የተናገሩት ረጅሙ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አሉ እትዬ ስልኬ።

«አትናገሩ አልሽ።»

ሐኪሟ ለማንኛውም ብላ እስኪመሽ አቆየቻቸው፤ አለቃው ግን ምንም አልሆነም። የሐኪሟን ማዳመጫ ሊበላ ሞከረ እንጂ። እትዬ ስልኬ ነፍሳቸው ተመለሰች። የምራታቸው ፊት ግን አልተመለሰም። ቤት እንደገባች የልጁን ልብስ በሻንጣ መክተት ጀመረች። ባሏም ምንም ሳይል ሁለተኛውን ሻንጣ አወረደ።

«የምሄደው በአይጡ ብቻ አይደለም እማማ» አለች በሩ ላይ። «ልጄ መርዝ በልቷል ብለው እያሰቡ፣ በጆሮዬ ነው የነገሩኝ።»

ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ እንዴት ያለ ጸጥታ መሰላችሁ። ዕድሜ ልካቸውን የፈለጉት ጸጥታ እሱ ነበር። የልጁን ኩባያ አጥበው፣ ያለበት አስቀምጠው፣ እንደገና አንስተው አጠቡት።

ማግስቱን ጎሚስታውን ከሥራው አስጠሩት፣ ጋሽ ግንቡን ወንበር ላይ አስቀመጡ፣ ራሳቸው ሳሎኑ መሃል ቆሙ።

«ቤታችን ውስጥ አይጥ አለ» አሉ ጮክ ብለው። «ምን ምን እንዳደረጋችሁ እያንዳንዳችሁ ተናገሩ። ከኔ ልጀምር።»

ተናገሩ። ማጣበቂያው ወጣ፣ የነጠላ ጫማው ነገር ወጣ፣ የድመቷ ነገር ወጣ። ጋሽ ግንቡ የደፈኑትን ቀዳዳ ሁሉ አንድ በአንድ እየዞሩ አሳዩ። ጎሚስታው የሚስቱን ጫማ አድርጎ የዋለበትን ቀን ሲናገር አባቱ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሲስቁ እንደዚያ ናቸው።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ጆንያ ውስጥ የነበረው እህል ሁሉ ክዳን ወዳለው በርሜልና ጣሳ ተገለበጠ። የመሳቢያው ጎጆ ተጠርጎ ተቃጠለ። ኩሱን ደረቁን አቧራ እንዳያስነሳ መጀመሪያ በበረኪና አርሰው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ጠረጉት። በማጣበቂያው ምትክ ጎሚስታው የሚዘጋ ወጥመድ አመጣ፤ ጋሽ ግንቡ ዱቄቱ ላይ ዱካ ባዩበት፣ አፉን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ልጅ እጁ በማይደርስበት አኖሩት። ኮርኒሱ ላይም ሰቀሉ። አንዱን ቀዳዳ ሆን ብለው ከፍተው ተዉት፤ ውስጥ ያሉት ካላለቁ መድፈን ምን እንደሚያመጣ አይተዋል።

እትዬ ስልኬ ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ያወሩ ነበር። አፋቸው የተፈታ ሰው ምን እንደሚመስል እንኳን እናንተ፣ ባላቸውም አያውቁም ነበር። «ወጥመዱን ከምጣዱ ጀርባ አደረግኩት» ይላሉ ለብቻቸው፣ ጮክ ብለው። «ለውዝ ቀብቼበታለሁ።» አጥር ማዶ ያለችው ጎረቤት ሰማች። አጥሩ ጋ መጥታ ግራ ቀኝ አየችና «እኛም ጋ አሉ እኮ፣ አፍረን ነው» አለች። «አሉ ምን ማለት ነው፣ አይጥ በይ» አሏት እትዬ ስልኬ። «በስሙ ጥሪው።»

ማታ ማታ ስልክ ይደውላሉ፣ ሳሎኑ መሃል ቆመው።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ። ዛሬ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አንድ ተይዟል፣ ትልቅ ነው። ኮርኒሱ ላይ ደግሞ ትንንሾች።»

«እሺ» ትላለች ምራቲቱ። እሱን ብቻ። ከጀርባዋ የልጁ ድምፅ ይሰማል። እትዬ ስልኬ እንደ ድሮው ማዳመጫውን ሳያወርዱ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ እሷ እስክትዘጋ ይሰማሉ።

እየቆየ «እሺ» ረዘም አለ። የት እንደተያዘ፣ ኮርኒሱ ጸጥ ማለት አለማለቱን መጠየቅ ጀመረች። አንድ ቀን አለቃው ቆሞ መራመድ መሞከሩን ነገረቻቸው። ያን ማታ እትዬ ስልኬ ስልኩን ዘግተው አለቀሱ፣ ጋሽ ግንቡም መሐረብ አቀበሏቸው። ውሎ አድሮ ወጥመዱ ባዶውን ማደር ጀመረ። ዱቄት በተኑ፣ ጠዋት ዱቄቱ እንደተበተነ ነው። ጋሽ ግንቡ የመጨረሻዋን ቀዳዳ ደፈኑ። ምራቲቱ «እንግዲያው እሑድ እንመጣለን» አለች።

ቅዳሜ እትዬ ስልኬ አንሶላ አጠቡ፣ ወለል ወለወሉ፣ ገንፎው ለነገ እንዲሆን ዱቄቱን አዘጋጁ። በመጨረሻ ምድጃውን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገው ከኋላው ሊጠርጉ ጎንበስ አሉ። አንድ ኩስ አለ። አሮጌ ቢሆን ግራጫ ሆኖ፣ ሲነካ ይፈረፈር ነበር። ይሄ ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል። ትኩስ ነው።

መጥረጊያው እጃቸው ላይ ነው። አንድ ጊዜ ቢጠርጉት ያልቃል። ማንም አላየም። ጋሽ ግንቡ ቢያዩም የሚናገሩት ከሳምንት በኋላ ነው። እሱን እስኪይዙ ልጁ እቤቱ ይገባል፣ አንሶላው ታጥቧል፣ ገንፎው ይሠራል። ቆመው አሰቡበት። ከዚያ መጥረጊያውን ሳያስቀምጡ ደወሉ።

«ልጄ፣ ምድጃው ጀርባ አንድ ኩስ አገኘሁ። ትኩስ ነው። አንድ አይጥ ቀርቷል።»

ወዲያ ማዶ ዝም አለ። የስልክ ዝምታን እንደ እሳቸው የሚያውቅ የለም። የተኳረፈ ሰው ዝምታ፣ እጁን መናገሪያው ላይ የከደነ ሰው ዝምታ፣ ሊዘጋ የተነሳ ሰው ዝምታ፤ ሁሉንም በትንፋሹ ይለዩት ነበር። ይሄኛውን መለየት አቃታቸው።

«ልደብቅሽ ነበር» አሉ። «መጥረጊያው አሁንም እጄ ላይ ነው። አትመጪም ብዬ ፈርቼ ነው። ያኔም ሳትሄጂ በፊት አትሂጂብኝ ማለት ነበረብኝ፤ አልወጣልኝ አለ። ናፍቃችሁኛል። እሱም፣ አንቺም። ከፈለገ ይሄን ሁሉም ሰው ይስማው።»

«እማማ» አለች ምራቲቱ። «ቤት ውስጥ መርዝ የሚባል ነገር ቀርቷል?»

«ምንም የለም።»

«ማጣበቂያስ?»

«የለም። ወጥመድ ብቻ ነው፣ የት የት እንዳለ ስትመጪ አሳይሻለሁ።»

«እንግዲያው ድመቷን ለምኜ ይዣት እመጣለሁ። እንዳያባርሯት ግን።»

«ያኔ ያባረርኳት እኮ መርዙን የበላ አይጥ ይዛ እንዳትሞት ነው።»

«እንዴ» አለች። «አሁን ነው የሚነግሩኝ?» ሳቀች። ስትስቅ ልጁም ከአጠገቧ አብሮ ጮኸ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ።

እትዬ ስልኬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ አበሱ። ከዚያ ወጥ ቤት ተመልሰው ምድጃው ፊት ቆሙ።

«ሰምተሃል» አሉ ጮክ ብለው። «ነገ ድመት ትመጣለች።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ጋሽ ግንቡ ከሳሎን።